ዳሰሳና ራጅ

የፊዚዮቴራፒ ሙያና ራጅ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1894 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፔጄት፣ ኤልዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር የተባሉ አራት ሴቶች ለንደን ውስጥ የዛሬው የፊዚዮቴራፒ ሙያ የተነሣበትን የሠለጠኑ የማሸት ባለሙያዎች ማኅበር መሠረቱ። አራቱም ከነርስነትና ከአዋላጅነት ሙያ የመጡ ነበሩ። በዚያው ዓመት በማሸት ስም የሴተኛ አዳሪ ንግድ የሚካሄድባቸው ቤቶች እንዳሉ አንድ የሐኪሞች መጽሔት አጋልጦ ስለነበር፣ ማኅበሩ የአባላቱን ስም ለመጠበቅ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ከደንቦቹ ዋናው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም አለማሸት ነበር። ይህ ደንብ ለሙያው ክብር አስገኝቶለታል። በሌላ በኩል ደግሞ በሽታውን የሚለየው ሐኪሙ፣ አሺዋ ግን የታዘዘችውን የምትፈጽም ብቻ እንደሆነች ወሰን አሰመረ። የፊዚዮቴራፒና የምስል ምርመራ ግንኙነት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ወሰን ታሪክ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር 8 ቀን ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ከተማ በቤተ ሙከራው ሲሠራ ያልታወቀ ጨረር አገኘ። ታኅሣሥ 22 ቀን የባለቤቱን የአና በርታን እጅ በጨረሩ አነሣ። ሥጋው ደብዝዞ የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ ጎልተው ወጡ። ያን ፎቶግራፍ ዓለም ዛሬም ያስታውሰዋል። ከዚያ ቀደም በሰውነት ውስጥ ያለውን ነገር ያለ ቢላዋ ማወቂያው መንገድ መዳሰስ፣ ማዳመጥና ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

አዲሱ መሣሪያ በጦር ቁስለኞች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረበት አጋጣሚ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ኢጣልያ አድዋ ላይ ድል በተመታች በሁለት ወር ገደማ፣ በግንቦት 1896፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ ጦር ሐኪም ከኢትዮጵያው ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ አነሣቸው። ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት የት እንዳለ ለማወቅ ነበር። ጨረሩ ከታወቀ ገና ስድስት ወሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጅና የአካል ሕክምና፣ ማለትም ፊዚዮቴራፒ፣ ተጎራባቾች ነበሩ። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ኃይልና ጥቅል ሽቦ ያሻቸው ስለነበር፣ በብዙ ሆስፒታሎች የራጅ ማንሻውና ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው መሣሪያ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ባለሙያ እጅ ይገኙ ነበር። ጉርብትናው ግን ብዙ አልዘለቀም። በ1920 በብሪታንያ የራጅ አንሺዎች ማኅበር ራሱን ችሎ ተቋቋመ። የአሺዎቹ ማኅበርም በዚያው ዓመት የንጉሥ ቻርተር አገኘ። በአሜሪካ በ1923 የተመሠረተ አንድ የሐኪሞች ማኅበር የራዲዮሎጂና የፊዚዮቴራፒ ኮሌጅ ተብሎ ቢሰየምም፣ ብዙም ሳይቆይ ራዲዮሎጂ የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ።

መለያየቱ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የራጅ ፊልም ከምንም በላይ አጉልቶ የሚያሳየው አጥንትን ነው። የአካል ሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ ውሎ አዳራቸው ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከእንቅስቃሴ ጋር ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን ልዩነት አጉልቶ አወጣው። ማሪ ኩሪ ራጅ በተጫነባቸው መኪኖች ወደ ጦር ግንባር ስትዘልቅ፣ ቀዶ ሐኪሞች ስብራቱንና ፍንጣሪውን ማየት ቻሉ። አጥንቱ ገጥሞ ፊልሙ ላይ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ግን ወታደሩ ክንዱን ማንሣት፣ በእግሩ መቆም ይሳነው ነበር። በእንግሊዝ የሠለጠነችው ሜሪ ማክሚላንና የአሜሪካ ጦር በችኮላ ያሠለጠናቸው ሴቶች ሥራቸውን የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። በ1921 የራሳቸውን ማኅበር ሲመሠርቱ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ማክሚላን ሆነች።

ፖሊዮም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጠ። በሽታው የሚጎዳው ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ ስለሆነ፣ በወረርሽኙ ወራት የልጆቹ እግር ሲልፈሰፈስ ራጁ ምንም አይናገርም። በ1910ዎቹ የቦስተኑ የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሎቬትና ረዳቱ ቪልሄልሚን ራይት እያንዳንዱን ጡንቻ በእጅ እየፈተኑ ለብርታቱ ደረጃ የሚሰጡበት ዘዴ ፈጠሩ። ጡንቻው የመሬትን ስበት ተቋቁሞ እግሩን ማንሣት ይችላል? የመርማሪዋ እጅ ሲጫነውስ ይጸናል? ዛሬ በየሆስፒታሉ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠው የጡንቻ ብርታት መለኪያ የዚህ ሥራ ዘር ነው። ምስል ባልደረሰበት ቦታ የባለሙያዋ እጅ መለኪያ ሆነ።

መለኪያ ይሁን እንጂ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። የአሜሪካው ማኅበር በ1935 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ በሽታን መለየትም፣ የበሽታውን መጨረሻ መተንበይም፣ ሕክምና ማዘዝም የሐኪሙ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ለቀጣዮቹ ሠላሳና አርባ ዓመታት ታካሚው ፊልሙን በፖስታ ይዞ ሲመጣ፣ የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ብታየው እንኳ ስለ እሱ መናገር ሥራዋ አልነበረም። ሥልጠናውም የአካል አወቃቀርንና እንቅስቃሴን በጥልቀት እያስተማረ ስለ ምስል ብዙ አይናገርም ነበር። በዚህ ጊዜ ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄምስ ሲሪያክስ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን የተለየ ነገር ያስተምራቸው ነበር። የጡንቻና የጅማት ሕመም ራጅ ላይ ስለማይታይ፣ አካልን በሥርዓት እያንቀሳቀሱና እየተጫኑ የታመመውን ክፍል ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ያሳያቸዋል። ሕጉ ሥልጣኑን ባይሰጣቸውም ተማሪዎቹ አመራመሩን ከእሱ ተማሩ።

ወሰኑን የጣሰው ግን የሐኪም እጥረት ነው። በቬትናም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ጦር የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አነሱት። በየወታደራዊ ሆስፒታሉ በር ላይ ወገቡን፣ ጉልበቱንና ትከሻውን የታመመ ወታደር ይሰለፋል። ከሰልፈኛው አብዛኛው ቢላዋ የሚያስፈልገው አልነበረም። ጦሩ የፊዚዮቴራፒ መኮንኖቹን በሰልፉ መጀመሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ታካሚውን ቀድመው የሚያዩት፣ ራጅ የሚያስፈልገው እንደሆነ የሚያዙት፣ ከከባድ ሥራ የሚያሳርፉት፣ ሐኪም ማየት ያለበትንም ለይተው የሚልኩት እነሱ ሆኑ። ተሞክሮው በ1975 በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። በሲቪሉ ዓለም ያሉ የሙያ ጓደኞቻቸው ሊያልሙት እንኳ ያልቻሉት ኃላፊነት ነበር።

ኃላፊነቱ ከባድ በመሆኑ ሥልጠናውም አብሮ ከበደ። በቴክሳስ ፎርት ሳም ሂውስተን የጦሩና የቤይለር ዩኒቨርሲቲ የጋራ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊልምን በቅደም ተከተል ማንበብ ይማራል። መጀመሪያ አጥንቶቹ በቦታቸው መሰለፋቸውን፣ ቀጥሎ የአጥንቱን ጥግግት፣ ከዚያ የመገጣጠሚያውን ክፍተት፣ በመጨረሻም በዙሪያው ያለውን ሥጋና እብጠት ያያል። ዓይን በጎላው ነገር ተስቦ የደበዘዘውን እንዳይዘል ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። አንድ አጥንት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ተነሥቶ ፍርድ አይሰጥበትም። ከፊት ሲነሣ ደህና የመሰለው አጥንት ከጎን ሲነሣ ተሰብሮ ሊገኝ ይችላልና።

ከሁሉ በላይ ግን ምስል የማያሳየውን ማወቅ ነበረበት። ለዚህ የምልምል ወታደር እግር ጥሩ አስተማሪ ነው። ሳይለምድ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚሮጥ ምልምል አጥንቱ ከድካም ብዛት በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የሚታየው አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው። ንጹሕ ፊልም አይቶ ልጁን ወደ ሩጫው የመለሰ ባለሙያ፣ በተለይ ስንጥቁ የጭን አጥንት አንገት ላይ ከሆነ፣ ሙሉ ስብራት ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ከፊልሙ ይልቅ የልጁን ታሪክ ማመን፣ አሳርፎ እንደገና ማስነሣት ወይም ወደ ተሻለ ምርመራ መላክ ግድ ይላል። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት፣ ትኩሳት፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰር፣ ሽንት የመቆጣጠር ችግርና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቱ ሕክምናውን አቁሞ ታካሚውን በፍጥነት ወደ ሐኪም እንዲልክ የሚያስገድዱ ምልክቶች መሆናቸውን ይማራል።

ጦሩ ይህን ሲያደርግ በሌላ አቅጣጫ ጡንቻ ራሱ በምስል መታየት ጀመረ። በ1958 ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ ግላስጎ ውስጥ በአልትራሳውንድ የሰውን የውስጥ አካል ማሳየት እንደሚቻል አስታውቀው ነበር። ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል፣ ጡንቻ ሲኮማተር በዚያው ቅጽበት ያሳያል። በ1980 አርቺ ያንግና ባልደረቦቹ የጭንን የፊት ጡንቻ በአልትራሳውንድ ለኩ። የጭኑን ዙሪያ በሜትር መለካት የጡንቻውን መክሳት በእጅጉ አሳንሶ እንደሚያሳይም ገለጡ። ትውልድ ሙሉ ፊዚዮቴራፒስቶች በሜትር ሲለኩ ኖረዋልና ዜናው ቀላል አልነበረም።

ትልቁ እርምጃ ከአውስትራሊያ መጣ። በብሪዝበን ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቷ ጁሊ ሃይድስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን በአንድ ጎን የታመሙ 26 ሰዎችንና 51 ጤነኞችን በአልትራሳውንድ አነጻጸረች። በ1994 በታተመው ውጤት ከአከርካሪው ጋር ተጣብቆ የሚሄደው ትንሹ የጀርባ ጡንቻ በታመመው ጎን፣ ሕመሙ ባለበት አጥንት አጠገብ ከስቶ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሕመሙ ቢጠፋም ጡንቻው በራሱ ጊዜ እንደማያገግም፣ የተለየ የአካል እንቅስቃሴ ከተሰጠው ግን እንደሚመለስ አሳየች። በ2001 የወጣው ክትትል፣ እንቅስቃሴውን ካልሠሩት ታካሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ 84 በመቶው፣ ከሠሩት ግን 30 በመቶው ብቻ ሕመሙ እንደተመለሰባቸው ዘገበ። ጥናቱ አነስተኛ ነበር። ቢሆንም ምስሉን ያነሣችው፣ ያነበበችውና በምስሉ ተመርታ ያከመችው ፊዚዮቴራፒስት መሆኗ በሙያው ታሪክ አዲስ ነገር ነው። ታካሚው ራሱ ስክሪኑን እያየ ጡንቻውን ማዘዝ የሚማርበት ዘዴም ከእነዚህ ዓመታት ሥራ አደገ።

እነዚሁ 1990ዎቹ ምስል የማያስፈልግበትን ጊዜ በመለየትም ይታወሳሉ። በ1992 ካናዳዊው ሐኪም ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ ኦታዋ ላይ ወለምታ የደረሰበት ቁርጭምጭሚት መቼ ራጅ እንደሚሻ የሚወስን ደንብ አወጡ። በግራና በቀኝ ካሉት የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች በአንዱ ጫፍ ላይ፣ ወይም ከጫፉ ወደ ላይ በኋለኛው ጠርዝ እስከ 6 ሳንቲሜትር ድረስ ሲነካ አጥንቱ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ታካሚው በተጎዳበት ሰዓትም ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሣል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ደንቡ በጣት መጫንና ማራመድ ብቻ ስለሚጠይቅ ለፊዚዮቴራፒስቶች የተበጀ ያህል ነበር። በ2000 የአሜሪካ ጦር ፊዚዮቴራፒስቶች ደንቡን በትክክል ሊሠሩበት እንደሚችሉ በጥናት አረጋገጡ።

በወገብ ላይ የሆነው ደግሞ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው። በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሣው ኤም.አር.አይ በ1980ዎቹ በስፋት ሥራ ላይ ሲውል የወገብ ሕመም ምሥጢር ተፈታ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ1994 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ የታተመ ጥናት ግን ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን 98 ሰዎች አንሥቶ 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ)፣ 27 በመቶው ደግሞ የወጣ ዲስክ እንዳላቸው አገኘ። ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የታመመ ሰው ፊልም ላይ የሚታይ ያበጠ ዲስክ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ በምን መናገር ይቻላል? መልሱ ያለው ከፊልሙ ውጭ ነው። እግር ላይ የሚወርደው ሕመም መንገዱን ጠብቆ ከተጫነው ነርቭ ጋር ይስማማል ወይ፣ የእግር ጣት ብርታት ቀንሷል ወይ፣ ሲያጎነብስና ሲቀና ሕመሙ ወዴት ይሄዳል? በዳሰሳና በእንቅስቃሴ ምርመራ የሠለጠነ ባለሙያ ለምስል ንባብ የሚያበረክተው ነገር በዚህ ጥናት ጎልቶ ወጣ።

በብሪታንያ ለውጡ በመንግሥት ወረቀት ቀስ እያለ መጣ። በ1977 የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ፊዚዮቴራፒስቱ የሕክምናውን ዓይነትና ርዝመት ራሱ እንዲወስን ፈቀደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአጥንት ክፍሎች ወረፋ ሲረዝም፣ ልምድ ያላቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ከቀዶ ሐኪሞቹ ጎን ተቀምጠው አዳዲስ ታካሚዎችን መመርመርና ራጅ ማዘዝ ጀመሩ። በ2000 የወጣው የሕክምና ጨረር ደንብ ደግሞ ሥልጣኑን ከሹመት አላቅቆ በሥራ ድርሻ ከፋፈለው። ምርመራውን የሚጠይቅ፣ አስፈላጊነቱን መዝኖ የሚፈቅድና የሚያነሣ ተለዩ። የተመዘገበ የጤና ባለሙያ ሁሉ፣ ተቋሙ ከፈቀደለት፣ ጠያቂ መሆን ይችላል። ግን ለጥያቄው በቂ ምክንያት የመጻፍ ግዴታ አለበት። የወገብ ራጅ ከደረት ራጅ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨረር ስለሚያሳርፍ ይህ ግዴታ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። ኖርዌይም ከ2006 ጀምሮ ማኑዋል ቴራፒስት ለሚባሉት ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ታካሚን በቀጥታ ወደ ምስል ምርመራ የመላክ መብት ሰጠች።

በአሜሪካ ትምህርቱ ራሱ ከፍ አለ። በ1957 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድን በፈቀደችው በኔብራስካ ግዛት፣ ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ በ1993 ለሙያው መግቢያ የሚሆን የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉት፣ የምስል ትምህርትም የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ሆነ። ጥርጣሬው ግን አልጠፋም ነበር። ብዙ ሐኪሞች ፊዚዮቴራፒስት ሥልጣኑ ቢሰጠው ያለ ልክ ያዛል፣ ወይም ከባድ በሽታ ያመልጠዋል ብለው ይሰጉ ነበር። ስጋቱ መልስ የሚገባው ስጋት ነው። ከፊሉን መልስ የሰጠው ያው ጦር ነው። በ2005 በታተመ ጥናት 560 ታካሚዎች ኤም.አር.አይ ሲነሡ፣ የላካቸው ባለሙያ አስቀድሞ የገመተው በሽታ ከምስሉ ጋር ተነጻጸረ። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ግምት 80.8 በመቶ፣ የፊዚዮቴራፒስቶቹ 74.5 በመቶ፣ የአጥንት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ 35.4 በመቶ ተስማማ። እርግጥ እነዚህ ለዚሁ ሥራ ለዓመታት የሠለጠኑ የጦር ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው። ቁጥሩን ለማንኛውም ተመራቂ ማበደር አይገባም።

በግንቦት 2006 ሳን አንቶኒዮ ላይ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች የአልትራሳውንዱን ነገር መልክ አስያዙት። ፊዚዮቴራፒስቱ መሣሪያውን የሚይዘው የጡንቻን መጠንና አሠራር ለመገምገምና ታካሚውን ለማሠልጠን እንደሆነ፣ ዕጢ ወይም የጅማት መበጠስ ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ሥልጠና የሚሻ ሥራ እንደሆነ ተለየ። በ2016 ዊስኮንሲን ፊዚዮቴራፒስቶች ራጅ እንዲያዙ በሕግ በግልጽ በመፍቀድ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ፊልሙን አንብቦ የመጨረሻውን ውጤት የሚጽፈው ግን በአብዛኛው ራዲዮሎጂስቱ ነው።

በዚሁ ዘመን የትምህርቱ ክብደት ወደ ሌላ ነገር ዞሯል፤ ውጤቱን ለታካሚው ወደ ማስረዳት። በ2015 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ምንም ሕመም የሌላቸውን 3110 ሰዎች ምስሎች ሲመረምር፣ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ባሉት 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ባሉት 96 በመቶ ተገኝቷል። የተበላሸ ዲስክ የሚል ወረቀት ያነበበ ሰው ግን ወገቡ የሚሰበር ይመስለዋል። ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ዕቃ ማንሣት ይተዋል፣ በመጨረሻ ከዲስኩ ይልቅ ፍርሃቱ ያስቀምጠዋል።

ይህ በኢትዮጵያም የሚታወቅ ችግር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያስመርቃሉ። ወለምታና ስብራት የደረሰበት ሰው ግን ዛሬም አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ ወገቡን የታመመውም ለቤተሰቡ ከባድ ወጪ የሆነውን ኤም.አር.አይ ተነሥቶ፣ ፊልሙን በትልቅ ፖስታ አቅፎ በመጨረሻ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፖስታው በመጀመሪያ ይቀመጣል። ባለሙያው ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ በተረከዝና በጣት አራምዶ፣ እግር አንሥቶ ከመረመረ በኋላ ፊልሙን ወደ ብርሃን ያነሣና ያገኘው ከታየው ጋር መስማማቱን ያያል። ነርቭ የመጫን ምልክት ካላገኘ፦ «አባቴ፣ ይኼ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ነገር ነው፣ እንደ ሽበት ነው። አሁን ጎንበስ ይበሉልኝ፣ ቀስ ብለው» ይላቸዋል።